ስለ ገዛ አካሉ የተጻፈውን ማን ያንብበው?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ነገር ግን በመጽሐፍ ያለው ነገር ስሕተት ሆኖ ሲገኝ፣ እርሱም እንደ እውነቱ ሁሉ ይወረሳል። አንድ ሐኪም ስለ አንድ ሰው አካል የጻፈው ቃል የተሳሳተ ቢሆን፣ ያ ቃል ከመዝገብ ወደ መዝገብ፣ ከሹም ወደ ሹም እየተላለፈ ሰውየውን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሊከተለው ይችላል። ስሕተቱን ከማንም አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው አካሉ የተመረመረው ሰው ራሱ ነው። ታዲያ ወረቀቱን ካላየው በምን ያውቀዋል?

ይህን ጥያቄ ያነሣችብኝ ፊደል ያልቆጠረች አክስቴ ናት። ልጇ በአሜሪካን አገር ጦር ሠራዊት አገልግሎ፣ በልምምድ ላይ ቀኝ ጉልበቱን ተጎድቶ የተሰናበተ ነው። ባለፈው ክረምት ወደ ቤታችን መጥታ እንዲህ አለችኝ፤ «ልጄ ‹የምርመራ ወረቀቴን ከለከሉኝ› እያለ ይበሳጫል። አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። የታመመው እርሱ፣ ጉልበቱም የእርሱ፤ ታዲያ ወረቀቱ የማን ሆኖ ነው የሚከለክሉት?» ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ በኋላ ከልጇ ጋር ተነጋግሬ፣ ሕጉንና ደንቡንም ተመልክቼ የተረዳሁትን ነው ዛሬ ለጓደኞቼ የማቀርበው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

«ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያገኘ የውጭ አገር ሰው በጦር ሠራዊቱ ለመግባት ይችላል። ከዚህም በላይ በ2009 የዚያ አገር መንግሥት በጊዜያዊ ቪዛ የሚኖሩ፣ የሚፈለግ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች እንዲመዘገቡ በፈቀደ ጊዜ፣ አማርኛ ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ያ መንገድ በ2016 ለአዲስ ተመዝጋቢ ቢዘጋም በእርሱ የገቡት ዛሬ የቀድሞ ወታደሮች ሆነዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብለት ተማሪ እኔ ብቻ አይመስለኝም።

ምርመራው ምንድን ነው?

በአሜሪካን አገር በውትድርና ሳለ የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው፣ ከተሰናበተ በኋላ በየወሩ የጉዳት ካሣ ሊከፈለው ይችላል። ይህን የሚያስፈጽመው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። አመልካቹ በመሠረቱ ሦስት ነገር ማስረዳት ይኖርበታል። አንደኛ፣ ዛሬ ጉዳት ወይም ሕመም እንዳለበት፤ ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ አንድ አደጋ ወይም በሽታ እንደ ደረሰበት፤ ሦስተኛ፣ የዛሬው ሕመም ከዚያ ከቀድሞው ነገር የመጣ መሆኑን ነው።

ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን ሚኒስቴሩ አመልካቹን ወደ ሐኪም ይልከዋል። ይህ ምርመራ ከተለመደው ሕክምና የተለየ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት አያዝም፤ ቀጠሮም አይሰጥም። ሥራው መለካት፣ መጠየቅና መጻፍ ብቻ ነው። አንዳንዱ ምርመራ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ወረቀት ወደ ሌላ ሰው፣ ማለትም የጉዳቱን መጠን ወደሚወስነው ሹም ይሄዳል። ይህ ሹም አመልካቹን አይቶት አያውቅም፤ ሲያነክስም አልተመለከተም፤ ሲቃትትም አልሰማም።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የመረመረው ሐኪም አይፈርድም፤ የሚፈርደው ሹምም አይመረምርም። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ድልድዩ ከተሰበረ ሰውየው ከወዲያኛው ዳር ይቀራል።

ቁጥር እንዴት እንጀራ እንደሚሆን

የጉዳቱ መጠን ከ0 እስከ 100 በመቶ በአሥር በአሥር እየተከፈለ ይወሰናል። ለ2025 በወጣው የክፍያ ሠንጠረዥ መሠረት ቤተ ሰብ የሌለው ሰው ጉዳቱ 10 በመቶ ከሆነ በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ 20 በመቶ ከሆነ 346 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ 100 በመቶ ከሆነ ደግሞ 3,831 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይከፈለው ነበር። 0 በመቶ የተባለ ሰው ግን ጉዳቱ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑ ቢታመንለትም ለዚያ ጉዳት የወር ገንዘብ አያገኝም።

ጉልበትን ለምሳሌ እንውሰድ። እግር ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ 0 ዲግሪ ቢባል፣ ጤነኛ ጉልበት እስከ 140 ዲግሪ ድረስ ይታጠፋል። በደንቡ መሠረት ጉልበቱ ከ60 ዲግሪ በላይ የማይታጠፍ ሰው 0 በመቶ፣ ከ45 በላይ የማይታጠፍ 10 በመቶ፣ ከ30 በላይ የማይታጠፍ 20 በመቶ፣ ከ15 በላይ የማይታጠፍ 30 በመቶ ይባላል። ይህ ልኬት በዓይን ግምት የሚደረግ አይደለም። ደንቡ ራሱ የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ለዚህ ምርመራ የግድ አስፈላጊ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።

ከዚህም ሌላ የሕመም ጉዳይ አለ። ጉልበቱ ብዙ ዲግሪ የሚታጠፍለት ሰው እንኳ ሲታጠፍ የሚያመው ከሆነ፣ ደንቡ ለዚያ መገጣጠሚያ ገንዘብ ከሚያስገኙት መጠኖች ዝቅተኛውን እንዲያገኝ ይፈቅድለታል። ለጉልበት ይህ 10 በመቶ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ «ሲታጠፍ ሕመም አለ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ቢያደርግ ወይም «የለም» በሚለው ላይ ቢያደርግ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት በ2025 ሒሳብ በዓመት 2,106 ዶላር ከ12 ሳንቲም ነው። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንዲት የብዕር ጭረት ነው።

ሦስት ሣጥኖች

የአክስቴ ልጅ የተጻፈለት ውሳኔ ጉዳቱ በአገልግሎት የደረሰ መሆኑን አምኖ መጠኑን 0 በመቶ ያደርገዋል። ደብዳቤው የሐኪሙን ምርመራ እንደ ማስረጃ ይጠቅሰዋል፤ ምርመራው ራሱ ግን ከደብዳቤው ጋር አልተያያዘም። ልጁም ወረቀቱን ፍለጋ ተነሣ። በመጀመሪያ ሁልጊዜ ወደሚታከምበት ሆስፒታል ሄደ። «በእኛ መዝገብ እንዲህ ያለ ምርመራ የለም» አሉት። ቀጥሎ ወደ ተመረመረበት ክሊኒክ ደወለ። «እኛ ጽፈን ልከናል፤ ግልባጭ ለመስጠት አልተፈቀደልንም» አሉት። እርሱም ከለከሉኝ ብሎ ለእናቱ ነገራት። በዚህ ዓይነት ደጅ ሲጠና ስድስት ወር አለፈ።

ስሕተቱ የት ላይ ነው? ወረቀቱ ጠፍቶ ወይም ተደብቆ አልነበረም። እርሱ ያንኳኳው የተሳሳተ በር ነው። ስለ አንድ የቀድሞ ወታደር አካል የሚናገሩ ወረቀቶች በአንድ ቦታ የተቀመጡ አይደሉም፤ ሦስት ሣጥኖች አሉ ብለን ብናስብ ነገሩ ይቀላል።

የመጀመሪያው ሣጥን የሆስፒታል መዝገብ ነው። የጉዳት ምርመራውን ያደረገው የሚኒስቴሩ ሆስፒታል ሐኪም ከሆነ ወረቀቱ በዚህ ይገኛል። በየሆስፒታሉ መዝገብ የሚሰጥ ክፍል አለ፤ በቅጽ 10-5345ኤ ይጠየቃል። ብዙውም መዝገብ ሰውየው በኢንተርኔት ካለው የራሱ ገጽ ላይ ሊነበብ ይችላል።

ሁለተኛው ሣጥን የካሣ ጥያቄው ማኅደር ነው። ዛሬ አብዛኛው የጉዳት ምርመራ የሚደረገው ከሚኒስቴሩ ጋር ውል በተዋዋሉ የግል ድርጅቶች ሐኪሞች ነው። እነርሱ የሚጽፉት ወረቀት ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ሳይሆን በቀጥታ ወደዚህ ማኅደር ይገባል። የአክስቴን ልጅ ያሳሳተው ይህ ነው። ማኅደሩ በቀድሞው ጊዜ እንደ ጡብ የወፈረ የወረቀት ክምር ነበር፤ ከ2013 ወዲህ ግን ሥራው በአመዛኙ በኮምፒዩተር ሆኗል። በዚህ ማኅደር ውስጥ ምርመራው ብቻ ሳይሆን ውሳኔው፣ የአመልካቹ ደብዳቤዎች፣ የምስክሮች ቃልና ሌላውም ማስረጃ በአንድነት ይገኛል።

ሦስተኛው ሣጥን በአገልግሎት ዘመን የተጻፈው የሠራዊቱ መዝገብ ነው። ሐኪሙ የዛሬውን ሕመም ከቀድሞው አደጋ ጋር ለማገናኘት የሚመለከተው ይህን ነው። የቀደሙት ወታደሮች መዝገብ በሴንት ሉዊስ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ብሔራዊ ማከማቻ ተቀምጦ ይኖራል። በዚህ ማከማቻ ላይ የደረሰው ነገር ለማንም ትምህርት ሊሆን የሚገባ ነው። በጁላይ 12 ቀን 1973 እሳት ተነሥቶ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማኅደር አወደመ። ከኖቬምበር 1912 እስከ ጃንዋሪ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ 80 ከመቶ የሚሆነው ጠፋ። ግልባጭ አልነበረውም፤ በፊልምም አልተነሣም። እኛ ቃኘው ሻለቃን ስናስብ የምናስታውሰው የኮሪያ ጦርነት በዚሁ ዘመን ውስጥ ይወድቃል። በዚያ ተራራ ላይ ከእኛዎቹ ጎን የቆሰለ አሜሪካዊ ሽማግሌ ቁስሉን በገላው ላይ እያሳየ፣ ማስረጃው ግን ዐመድ ሆኖበት ሊገኝ ይችላል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። አንድ ብቻ ሆኖ የተቀመጠ ወረቀት ያለ ዋስ የተሰጠ ብድር ነው። ግልባጩ በባለቤቱ እጅ ቢኖር ኖሮ እሳቱ ሁሉን ባላጠፋ ነበር።

መብቱ ከየት መጣ?

ዛሬ ግልባጭ መጠየቅ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚያች አገር የቀድሞ ወታደር ስለ ካሣው የሚከራከርበት በር ለረጅም ዘመን የጠበበ ነበር። በ1864፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ዘመን፣ አንድ ጠበቃ ከወታደር የካሣ ጉዳይ ከ10 ዶላር በላይ እንዳይቀበል ሕግ ወጣ። የሕጉ ሐሳብ ወታደሩን ከአጭበርባሪ ለማዳን ነበር፤ በጊዜው መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ያ 10 ዶላር ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጠበቃ የሚባል ሰው ወደ ጉዳዩ እንዳይቀርብ አደረገ። መሥሪያ ቤቱ በካሣ ላይ የሰጠውንም ውሳኔ በመሠረቱ ፍርድ ቤት አይመረምረውም ነበር። ይህ የተለወጠው በ1988 በወጣው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የቀድሞ ወታደሮች ይግባኝ የሚሰማ ልዩ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ የጠበቃም ገደብ ላላ።

ወረቀቱን የማየት መብት ደግሞ በሁለት ሕጎች የቆመ ነው። የመጀመሪያው በ1966 የወጣው የመንግሥት መዝገብ ለሕዝብ እንዲገለጽ የሚያዝ ሕግ ነው። ሁለተኛው በ1974 የወጣው የግል ምሥጢር ሕግ ሲሆን፣ ይህ መንግሥት ስለ አንድ ሰው የያዘውን መዝገብ ሰውየው ራሱ እንዲያይ፣ ስሕተት ካለበትም እንዲታረም እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ሕግ የሚያገለግለው ለአሜሪካን ዜጋና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ሰው ነው፤ የመጀመሪያው ግን ለማንም ሰው ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ጥያቄ መልሱ እነሆ፤ ወረቀቱን የሚያስቀምጠው መንግሥት ነው፤ የማንበብ መብት ግን የልጇ ነው።

አጠያየቁ

ማኅደሩን ለማግኘት የሚሞላው ቅጽ 20-10206 ይባላል። ይህ ቅጽ በኢንተርኔት ሊሞላ ይችላል፤ በፖስታም ይላካል፤ ወደ ሚኒስቴሩ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ይዞ መሄድም ይቻላል። ዋናው ነገር የሚፈለገውን ለይቶ መጻፍ ነው። «መዝገቤን ሁሉ ስጡኝ» ያለ ሰው በሺህ የሚቆጠር ገጽ ተሰብስቦ እስኪላክለት ይጠብቃል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ከተማ የተደረገውን የቀኝ ጉልበት ምርመራ ወረቀት ግልባጭ» ብሎ የጻፈ ግን ሥራውን ለሚፈልገውም ለሚሰጠውም ያቀለዋል። ስለዚህ ማንም ተመርማሪ ከምርመራው በወጣበት ቀን የቦታውን ስም፣ ቀኑን፣ የመረመረውንም ሰው ስም በደብተሩ መጻፍ ይገባዋል።

ካሣ የሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያውን ሙሉ ግልባጭ ያለ ክፍያ እንዲያገኝ ደንቡ ይፈቅድለታል። መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ የመጀመሪያው ሕግ 20 የሥራ ቀን ያደርገዋል፤ በተግባር ግን ከዚያ በላይ መጠበቅ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ቀኑ ሳይጠብ መጠየቅ ነው የሚሻለው። ይህ ከተዘነጋ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ሳይሆን የዘገየች ምንም አላገኘች የሚባለው ይደርሳል።

ሌላም አቋራጭ መንገድ አለ። እንደ አሜሪካን ሌጅን ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበሮች በሚኒስቴሩ የታወቁ ወኪሎች አሏቸው። ወታደሩ በጽሑፍ ውክልና ከሰጣቸው ማኅደሩን በኮምፒዩተር ከፍተው ሊያዩለት ይችላሉ፤ ለዚህም ገንዘብ አይቀበሉም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። «የመጀመሪያ ማመልከቻህን ጽፈን መቶ በመቶ እናስወስንልሃለን፤ ከምታገኘው ይህን ያህል ትከፍለናለህ» የሚሉ ደላሎች አሉ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ አዘጋጅቶ ዋጋ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው። ጠበቃ ዋጋ ሊጠይቅ የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ለሚከተለው ክርክር ነው።

አነባበቡ

ግልባጭ ማግኘት የሥራው እኩሌታ ነው። ማንበብ ሌላው እኩሌታ ነው። ወረቀቱ በሐኪም ቋንቋ ስለ ተጻፈ ብዙ ሰው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ አጥፎ ያስቀምጠዋል። ነገር ግን የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ማንም የተማረ ሰው ለዘመዱ ሊያነብለት ይችላል።

1ኛ፤ ስሙና ጎኑ። ወረቀቱ የእርሱ ነው ወይ? ቀኝ የተባለው ቀኝ፣ ግራ የተባለው ግራ ነው ወይ? ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ያበላሸው ይኸው እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናያለን።

2ኛ፤ ሐኪሙ ያነበበው። ወረቀቱ ሐኪሙ ማኅደሩን ተመልክቶ እንደ ሆነ ወይም እንዳልተመለከተ የሚገልጽበት ቦታ አለው። የቀድሞውን አደጋ ሳያነብ «ከአገልግሎት ጋር ግንኙነት የለውም» ያለ ሐኪም ምን ላይ ቆሞ እንደ ተናገረ መጠየቅ ይገባል።

3ኛ፤ ልኬቱና ሕመሙ። ዲግሪው ተጽፏል ወይ? ሕመሙስ? በ1995 ልዩ ፍርድ ቤቱ ሐኪሙ መገጣጠሚያው ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ብቻ ሳይሆን ሕመም ሰውየውን ምን ያህል እንደሚያግደው ጭምር መግለጽ እንዳለበት ወስኗል። በ2017 ደግሞ ሕመሙ አልፎ አልፎ የሚብስበት ሰው ከሆነ፣ በብሶት ቀን የሚደርስበትን ችግር ሐኪሙ ከማስረጃው ተነሥቶ መገመት እንዳለበት፣ «ዛሬ ብሶት ላይ ስላልሆነ አላውቅም» ማለት ብቻ እንደማይበቃ ተናግሯል።

4ኛ፤ የሚዛኑ ቃል። ሐኪሙ ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ ስለ መሆኑ አስተያየቱን ሲሰጥ የሚጠቀምበት የታወቀ አነጋገር አለ፤ ትርጉሙም የመሆን ዕድሉ ካለመሆኑ አያንስም፣ ማለትም ቢያንስ 50 በመቶ ነው ማለት ነው። ሕጉ ማስረጃው እኩል ለእኩል ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተርጎም ይላል። ስለዚህ ወታደሩ ለመርታት እርግጠኝነት አያስፈልገውም፤ ሚዛኑ እኩል መቆሙ ይበቃዋል። «ሊሆን ይችላል» የሚል ልል ቃል ግን ከዚህ ያነሰ ስለ ሆነ አይረዳውም።

5ኛ፤ ምክንያቱ። አስተያየቱ ለምን እንደ ተሰጠ ተጽፏል ወይ? በ2008 ፍርድ ቤቱ የሐኪም አስተያየት ክብደት የሚያገኘው ከተሰጠው ምክንያት ነው ብሏል። ከዚያ በፊት በ2007፣ ሚኒስቴሩ ምርመራ ለመስጠት ከተነሣ ምርመራው በቂ መሆን አለበት ሲል ወስኗል። እንግዲህ ምክንያት የሌለው ወረቀት ቢያምርም ባዶ ወረቀት ነው።

አንባቢው በእውነት መንፈስ ማንበብ እንዳለበት ደግሞ አልሸሽግም። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ሰውየው በከንቱ ከመሟገት ይድናል፤ የቀረውንም ኃይሉን ለሕክምናው ያውለዋል። ወረቀቱን ማየት ለመርታት ብቻ ሳይሆን ለመረዳትም ይጠቅማል።

አንድ ዓመት

ስሕተት ቢገኝስ? በ2017 ወጥቶ በፌብሩዋሪ 2019 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሦስት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው፣ አዲስ ማስረጃ ሳይጨመር ሌላ ከፍ ያለ ሹም ማኅደሩን እንደገና እንዲመለከተው መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስና ለጉዳዩ የሚያስፈልግ ማስረጃ አያይዞ እንደገና ማመልከት ነው። ሦስተኛው፣ ወደ ይግባኝ ቦርድ መሄድ ነው። ስሕተቱ በወረቀቱ ላይ በግልጽ የሚታይ ከሆነ የመጀመሪያው መንገድ ሊበቃ ይችላል፤ ምክንያቱም ሹሙ ምርመራው በቂ እንዳልነበረ ካመነ አዲስ ምርመራ እንዲደረግ ማኅደሩን ሊመልሰው ይችላል። የጎደለ ነገር ካለ ግን፣ ለምሳሌ ከሌላ ሐኪም የተገኘ ልኬት ወይም አብሮ ያገለገለ ሰው የሰጠው ምስክርነት፣ ሁለተኛው ይሻላል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ቀኑ ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ የገባበት ቀን እንደ ተጠበቀ ሆኖ የኋላው ገንዘብ ከዚያ ጀምሮ እንዲታሰብ፣ አቤቱታው ውሳኔው በተጻፈ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ዓመቱ ካለፈ በኋላ በአዲስ ማስረጃ እንደገና ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን ገንዘቡ በአብዛኛው ከአዲሱ ማመልከቻ ቀን ይጀምራል፤ ያለፈው አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ፍለጋ የሚባክነው እያንዳንዱ ወር ከዚህ ዓመት ላይ ይቀነሳል።

የአክስቴ ልጅ በሰባተኛው ወር ላይ ትክክለኛውን ቅጽ ሞላ። ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ግልባጩ ደረሰው። እኔም በስልክ የላከልኝን አብሬው አነበብኩ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ልጁ የተናገረው በተመዘገበበት ክፍል፣ «ቀኝ ጉልበቱ ደረጃ ሲወርድና ሲያጥፈው ያመዋል» ይላል። በሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ልኬቱ በሁለት ረድፍ ተከፍሎ፣ በቀኝ ጉልበት ረድፍ «ሕመም የለም»፣ በግራው ረድፍ «ሕመም አለ» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ግራ ጉልበቱ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። መርማሪው ሁለቱን ረድፎች አዛውሯቸዋል። ክፉ ሐሳብ ነበረው አልልም፤ በዚያ ቀን ስንት ጉልበት እንደ መረመረ ማን ያውቃል? ነገር ግን በዚያች መዛወር ምክንያት የታመመው ጉልበት ጤነኛ፣ ጤነኛው ጉልበት ታማሚ ሆኖ በመንግሥት መዝገብ ገባ። የሚወስነውም ሹም ሦስተኛውን ገጽ አምኖ ጻፈ።

ልጁ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ፣ በአንድ ገጽ አጭር አቤቱታ ሌላ ሹም እንዲያየው ጠየቀ። ዓመቱ ሊሞላ የቀረው 19 ቀን ነበር። ማኅደሩ ለአዲስ ምርመራ ተመልሷል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ገና አልተሰጠም። አክስቴ ግን ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ የተናገረችው ይህን ነው፤ «እንግዲያው ከለከሉኝ ያለው በከንቱ ነው፤ መጀመሪያም የት እንዳለ የነገረው ሰው አልነበረም።»

ጓደኞቼ ሆይ፤ እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ትምህርታችሁ ለምን ይጠቅማል?» ተብለን እንጠየቃለን። ሐኪም መረመረ፣ ሹም ወሰነ፣ ሕግ ዐዋቂ ተከራከረ እንበል። ሁሉም የሚሠሩት በጽሑፍ ላይ ነው። አንደኛውን ገጽ ከሦስተኛው ጋር አስተያይቶ «ይህ ከዚያ ጋር አይስማማም» ማለት የእኛው ሙያ ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ መዝገብ ሲጠብቅ፣ ባለ ጉዳይ መጥቶ ስለ ራሱ የተጻፈውን ለማየት ቢጠይቀው፣ የአክስቴን ጥያቄ ያስታውስ። ዛሬ ደግሞ አንድ ዘመድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ፣ በመጀመሪያ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ይሁን፤ «ውሳኔው የተጻፈበት ቀን መቼ ነው? የምርመራው ግልባጭስ በእጅህ አለ ወይ?»